ቀንድ የሌለው ሁሉ ሴት አይደለም

  

ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለ ድኩላ ነው። ጉዳዩን የመረጥነው እኛ አይደለንም። ተማሪዎቻችን ናቸው። ስለተሳሳትንና ስላረሙን ነው የምንጽፈው።

እኛ አስተማሪዎቻችሁ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን። ዕድሜያችን ከሃያ ብዙ አያልፍም። አብዛኞቻችን ያደግነው ከተማ ነው። ድኩላን የምናውቀው በሥዕል ነበር። እናንተ ግን ከብት ስትጠብቁ፣ እንጨት ስትለቅሙ፣ ውኃ ስትቀዱ አይታችሁታል። ሌሊት ከጥሻው ውስጥ እንደ ውሻ ሲጮኽ ሰምታችሁታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ወንዝ በሚወርደው አገር ባለ አንድ ጣቢያ «ድ»ን፣ «ኩ»ን እና «ላ»ን እያስተማርን ነበር። ሦስቱ ፊደላት ሲገጣጠሙ «ድኩላ» ይሆናሉ። ቃሉ እንዲገባ ብለን በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሁለት ድኩላ ሣልን። አንዱን ቀንዳም አደረግነው። ሌላዋን ያለ ቀንድ ተውናት። ከቀንዳሙ ሥር «ወንድ» ብለን ጻፍን። ከሌላዋ ሥር «ሴት» ብለን ጻፍን። ከዚያም «ቀንድ ያለው ወንድ ነው፤ ቀንድ የሌላት ሴት ናት» እያልን አስነበብን።

ክፍሉ አነበበ። ከኋላ ግን ሳቅ ተሰማ። የሳቁት በዕድሜ ከሁላችንም የሚበልጡ አባት ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ አዳኝ እንደነበሩ የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል።

«የኔታ» አሉን። እኛን፣ የልጅ ልጆቻቸውን የምናህለውን፣ የኔታ ብለው መጥራት ይወዳሉ። «ፊደሉ ልክ ነው። ድኩላው ግን ልክ አይደለም።»

«ምኑን ተሳሳትን አባቴ?»

«ወይፈን ቀንድ ይዞ ነው እንዴ የሚወለድ?»

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። እኛም ሳቅን። ግን ነገሩ ገባን። ወንድ ጥጃ ሲወለድ ቀንድ የለውም። ወንድ የድኩላ ግልገልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ የጻፍነው ቃል ግማሹ ውሸት ነበር። የዚያን ቀን ትምህርት ወደ ድኩላ ዞረ፤ እስኪመሽም አላለቀም። ፋኖሱ ተለኩሶ፣ ተማሪዎቹ አስተማሪ፣ እኛ ተማሪ ሆነን አመሸን።

ጎረምሳው ሴት ሲመስል

ወንዱና ሴቷ ድኩላ ካደጉ በኋላ ለመለየት ብዙ አያስቸግሩም። ያደገ ወንድ ከሴቷ ይበልጣል። ከአርባ እስከ ሰማንያ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። ቀንዱ አንድ ጊዜ የተጠማዘዘ ነው፤ ሲረዝም ክንድ ሊያህል ይችላል። አንገቱ ይወፍራል። ጠጉሩ በዕድሜ እየጠቆረ ይሄዳል። ሴቷ ግን ዳማ ናት። በጎኗና በጭኗ ላይ ነጭ ነጠብጣብና መስመር አላት። ቀንድ አታወጣም።

የሚያስቸግረው ጎረምሳው ነው። ወንዱ ግልገል ሲወለድ የእናቱን መልክ ይዞ ይወለዳል። እንደ እናቱ ዳማ ነው። እንደ እናቱ ነጠብጣብ አለው። አንገቱ ቀጭን ነው። ቀንዱ ጎልቶ መታየት የሚጀምረው ከመንፈቅ በኋላ፣ ወደ ዓመቱ መዳረሻ ነው። መጀመሪያ ጉጥ ብቻ ነው። ጉጡን ጠጉር ይሸፍነዋል። የድኩላ ጆሮ ደግሞ ትልቅ ነው። ጆሮው ቀና ሲል ጉጡ ከጆሮው ኋላ ይደበቃል። ከሩቅ፣ በተለይ በምሽት፣ ማንም ሰው «ሴት ናት» ሊል ይችላል።

ተቃራኒውም አለ። ሴቷን አይቶ «ይኸ ጎረምሳ ወንድ ነው፤ ቀንዱ ገና ነው» የሚል ሰው ይኖራል። የከፋው ስህተት ይኸኛው ነው። ለምን እንደከፋ አዛውንቱ ነገሩን። እንደነገሩን እንጽፈዋለን።

«አሥራ ሁለት ዓመት ይሆነዋል» አሉ። «ነሐሴ ነበር። ባቄላዬ አብቧል። ከገደሉ አፋፍ ላይ ነው ማሳዬ። ድኩላ ሌሊት ሌሊት እየወጣ ቀነጠሰብኝ። እኔም ምንሽሬን ይዤ ሦስት ምሽት ቁጭ አልሁ። በሦስቱም ምሽት አንድ ድኩላ ብቻ ይመጣል። ብቻውን ነው። ዳማ ነው። ቀንድ አይታየኝም። ሴት ብትሆን ግልገሏ ይከተላት ነበር አልሁ። ጎረምሳ ወንድ ነው አልሁ። ምላጩን ሳብሁ።»

ትንሽ ዝም አሉ።

«ሄጄ ገለበጥኋት። ወተቱ እጄ ላይ ፈሰሰ።»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሁሉ ሳቅ የት እንደገባ አናውቅም።

«ባለቤቴ ሥጋውን አልነካም አለች። በነጋታው ውሻዬን ይዤ ጥሻውን ሁሉ አሰስሁ። ግልገሉን አላገኘሁትም። ውሻዬ በአጠገቡ አልፎ ይሆናል። በአራተኛው ቀን ከገደሉ በታች አሞራ ሲያንዣብብ አየሁ። አልሄድሁም።»

አዛውንቱ የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው። «ሴት ብትሆን ግልገሏ ይከተላት ነበር» አሉ። የድኩላ ግልገል ግን እናቱን አይከተልም። ይኸ ከበግ የሚለይበት ነገር ነው። የበግ ግልገል በተወለደ በቀኑ እናቱን ይከተላል። የድኩላ እናት ግን ግልገሏን በጥሻ ውስጥ ትደብቀዋለች። እርሷ ለብቻዋ ትሰማራለች። ተመልሳ ታጠባዋለች። ከዚያ ደግሞ ትሄዳለች። እንዲህ እያለች ሳምንታት፣ አልፎም ወራት ትቆያለች። ግልገሉ ተጋድሞ ዝም ይላል። ሰው ቢመጣም አይነሣም። እናቲቱ የግልገሏን ኩስ ሳይቀር ትበላዋለች። ለምን? ሽታው ነብርንና ጅብን እንዳይጠራ ነው። የአዛውንቱ ውሻ ግልገሉን ያላገኘው እንግዲህ ወዶ አይደለም። እናቱ በሕይወት ሳለች ከውሻም ከነብርም እንዲሰወር አድርጋዋለች። እርሷ ከሞተች በኋላ ግን መደበቁ ለግልገሉ አልበጀውም።

ስለዚህ ብቻዋን የምትሰማራ ድኩላ ሁሉ ግልገል የላትም ማለት አይደለም። ድኩላ በመንጋ የሚኖር እንስሳ አይደለም። ወንዱም ብቻውን ይውላል፤ ሴቷም ብቻዋን ትውላለች። ብቻ መሆን ለማወቂያ አይበቃም።

ታዲያ በምን ይለያል?

ይኸን ጥያቄ ስንጠይቅ መጀመሪያ የመለሱት አዛውንቱ አልነበሩም። ከፊት የተቀመጠች አንዲት እናት ናት። እታለም እያልን ነው የምንጠራት። ምንጭ ስትወርድ ድኩላ ታያለች።

«ይቅርታ አድርጉልኝና» አለች ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ሲሸና አይታችሁ አታውቁም? ወንዱ ከሆዱ ሥር ነው። ሴቷ ጎንበስ ብላ፣ ጭራዋን ቀና አድርጋ፣ ከኋላዋ ነው። እንደ ፍየል ነው። ምን ልዩነት አለው?»

«ይኸስ እውነት ነው፣ እታለም» አሉ አዛውንቱ። «እኔ ጠመንጃ ይዤ የማላየውን አንቺ እንስራ ተሸክመሽ አየሽው።»

እታለም የተናገረችው ትክክል ነው። ከሁሉ የማያሳስተው ምልክት ይኸ ነው። ቀለም ያሳስታል። ቀንድ ያሳስታል። የሽንት መውጫ ግን አያሳስትም። ችግሩ ሁልጊዜ አለመታየቱ ነው። ድኩላ ሊሸና እስኪቆም መጠበቅ ትዕግሥት ይጠይቃል።

ቀጥሎ የሚታየው ጀርባው ነው። ከኋላ ሲታይ ያደገ ወንድ በኋላ እግሮቹ መካከል ቆለጡ ይታያል። የጎረምሳው ግን ትንሽ ነው፤ ጠጉር ይሸፍነዋል። ከጎን ሲታይ ደግሞ ከወንዱ ሆድ ሥር፣ ወደ መሐል፣ የሽንቱ መውጫ ጠጉር ጎልቶ ይታያል። በሴቷ ላይ ይኸ የለም። የምታጠባ ከሆነች ከኋላ እግሮቿ መካከል ግቷ ያጋተ ይሆናል። ግን ሣሩ ረጅም ከሆነ ግትም አይታይም፣ ቆለጥም አይታይም። አዛውንቱ ያን ምሽት ያዩት ከባቄላው በላይ ያለውን ነበር። ከባቄላው በታች ያለውን አላዩም።

ከዚያ በኋላ ራስ አለ። አዛውንቱ ስለ ራስ ብዙ ነገሩን። ሰሌዳው ድረስ መጥተው በጣታቸው አሳዩን። የሴቷ ግንባር ጠበብ ያለ ነው፤ በጆሮዎቿ መካከል ያለው አናቷ ለስላሳ ነው። የጎረምሳው ወንድ ግንባር ሰፋ ይላል። ቀንዱ የሚወጣበት ቦታ ያብጣል። ጠጉሩ እዚያ ላይ ይቆማል ወይም ይጠመዘዛል። ወጠጤ ፍየል ያላችሁ ሰዎች ይኸን ታውቁታላችሁ። ቀንዱ ሳይወጣ በፊት እጃችሁን አናቱ ላይ ብታደርጉ ጉጡ ይሰማችኋል። ድኩላን ግን እጅ አይደርስበትም፤ በዓይን ነው። ለዚህም ድኩላው ፊቱን ወደ እናንተ አዙሮ ጆሮውን ወደ ጎን እስኪጥል ድረስ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጆሮው ቀና ካለ ጉጡ ተሸፍኗል።

ቀለምን በሚመለከት ክፍሉ ተከራከረ። አንዱ ጎልማሳ «የጠቆረ ሁሉ ወንድ ነው» አለ። ሌላው «ዝናብ ሲመታት ሴቷም ትጠቁራለች» አለ። ሁለተኛው ልክ ነው። የረጠበ ጠጉር ጠቆር ብሎ ይታያል። ፀሐይ ስትጠልቅም ዳማው ቡላ፣ ቡላው ጥቁር ይመስላል። ድኩላ ደግሞ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ማለዳና ምሽት ነው፤ ብርሃን ደካማ በሆነበት ሰዓት። ስለዚህ ቀለም አጋዥ እንጂ ምስክር አይሆንም።

አንድ ነገር ደግሞ እንጨምር። ሁለት ድኩላ አብረው ከታዩ ማወዳደር ይቻላል። የትኛው ይበልጣል? የማን አንገት ይወፍራል? አንድ ብቻ ከታየ ግን የሚወዳደርበት የለም። ትንሽ ይሁን ትልቅ ከሩቅ አይታወቅም። አንድ ዓመት ያልሞላው ወንድና ያደገች ሴት በቁመት ሊቀራረቡ ይችላሉ።

ሌሎቹስ?

በአገራችን በጎጃም ሚዳቋም አለች። ከድኩላ ታንሳለች። ወንዱ ሚዳቋ አጭርና ቀጥ ያለ ቀንድ አለው። ሴቷ ብዙውን ጊዜ የላትም። ነገር ግን ወንዱም ሴቷም በአናታቸው ላይ የቆመ ጠጉር፣ እንደ ልጅ ቁንጮ ያለ፣ አላቸው። የወጣቱ ወንድ ቀንድ በዚያ ቁንጮ ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ የሚዳቋው ከድኩላውም ይብሳል።

ወደ ሰሜን እንሂድ። በስሜን ተራራ ዋልያ አለ። ዋልያ በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የለም። የስሜን ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። እዚያ ዘንድ «ቀንድ ያለው ወንድ ነው» ብትሉ ትስታላችሁ። ሴቷም ዋልያ ቀንድ አላት። የእርሷ ቀጭንና አጭር ነው። ያደገው ወንድ ቀንዱ ወፍራም ሆኖ ወደ ኋላ ይቆለመማል። ጎረምሳው ወንድ ግን ቀንዱ የሴቷን ያህል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ዋልያ አይታደንም፤ ይቆጠራል እንጂ። ቆጣሪው ጎረምሶቹን ሴቶች ናቸው ብሎ ከቆጠረ ምን ይሆናል? «እናቶች በዝተዋል፤ ዘሩ ይራባል» ተብሎ ይጻፋል። እናቶቹ ግን አልበዙም። የቁጥር ስህተት ጥይት አይተኩስም፤ ግን ሳይታወቅ ዘር ያስጠፋል። ቆርኬም እንዲሁ ነው፤ ወንዱም ሴቷም ቀንዳሞች ናቸው።

ወደ ደቡብ ደግሞ በባሌና በአርሲ ተራሮች የደጋ አጋዘን አለ። በ1969 ዓ.ም. የወጣውን የአሥር ሳንቲም ቤታችሁ ውስጥ ፈልጉ። በአንድ በኩል የአንበሳ ራስ አለ። በሌላው በኩል ያለው እንስሳ የደጋ አጋዘን ነው። የፈረንጅ ሊቃውንት ይኸን እንስሳ አውቀው በመጽሐፍ የጻፉት እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። የባሌ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ያውቀው ነበር። ወንዱ የሚጠማዘዝ ረጅም ቀንድ አለው፤ ሴቷ የላትም። ጎረምሳው ወንድ ከእናቱና ከሌሎች ሴቶች ጋር በመንጋ ይሰማራል። በፈቃድ በሚታደንበት ቦታ የሚፈለገው ያደገ ወንድ ነው። ስለዚህ ከአዳኙ ጋር የሚሄደው የአገሩ መሪ ዓይኑን ማመን አለበት። ከመንጋው መካከል የትኛው ጎረምሳ፣ የትኛዋ እናት እንደሆነች የሚለየው እሱ ነው። ጠመንጃው የእንግዳው ነው። ዕውቀቱ ግን የባላገሩ ነው።

ስለ ስም ካነሣን አይቀር፣ አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አንለፍ። ሩፔል የሚባል ጀርመናዊ ሊቅ በ1830ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ነበር። የእኛን አገር ድኩላ በ1835 ሲጽፍ ሌላ ስም አልፈለገም። እኛው የምንለውን ወስዶ «ድኩላ» ብሎ ጻፈው። እስከ ዛሬ በዓለም የሳይንስ መጻሕፍት ውስጥ ይኸ የጎጃምና የጎንደር ቃል አለ። እናንተ በሦስት ፊደል ትጽፉታላችሁ፤ እነሱ በስድስት ይጽፉታል። የአፄ ምኒልክ ስም የተሰጠው ድኩላም አለ፤ እሱ በደጋ የሚኖር፣ ወንዱ ጥቁር ለመሆን የቀረበ ነው።

በውጭ አገር ነገሩ ይገለበጣል

በአሜሪካና በአውሮፓ ሌላ ዓይነት አጋዘን አለ። የእኛ ድኩላና አጋዘን ቀንዳቸው አንዴ ከወጣ ዕድሜ ልካቸውን አይወልቅም። የእነሱ አጋዘን ግን ቀንዱ በየዓመቱ ይረግፋል፤ ደግሞ ይበቅላል። ይኸን ስንነግራቸው ተማሪዎቻችን አላመኑንም ነበር። አንዱ «እንደ ዛፍ ቅጠል?» አለን። አዎን፣ እንደ ቅጠል። ቀንዱ ከረገፈ በኋላ ትልቁ ወንድ ራሱ ሴት ይመስላል። በሩቅ ሰሜን በበረዶ አገር ደግሞ ሴቷም ቀንድ የምታወጣ የአጋዘን ዓይነት አለች።

በአሜሪካ በብዙ ቦታ አጋዘን በዝቷል። እርሻ ይበላል፤ መኪና ይመታዋል። ስለዚህ ቁጥሩን ለመቀነስ ለአዳኞች «ሴቷን ግደሉ» ብለው ፈቃድ ይሰጣሉ። አዳኙ ቀንድ የሌላትን ይፈልጋል። ከዚያ ስድስት ወር የሆነው፣ ጉጥ ብቻ ያወጣ ወንድ ብቅ ይላል። ልጅ ስለሆነ አይጠነቀቅም። ከእናቱ ቀድሞ ወደ ሜዳ ይወጣል። አዳኙ ሴት ናት ብሎ ይተኩሳል። ሲደርስ ጉጡን በጣቱ ዳስሶ ያገኘዋል። የእኛ አዛውንት ወንድ ነው ብለው እናት ገደሉ። የአሜሪካው አዳኝ ሴት ናት ብሎ ልጅ ይገድላል። ስህተቱ ይለያያል፤ ምክንያቱ ግን አንድ ነው። ሁለቱም ያዩት የሌለውን ቀንድ ነው።

እዚያ ያሉ አዋቂ አዳኞች ለጀማሪ የሚሰጡት ምክር አለ። ብቻዋን የቆመች፣ ትንሽ የምትመስል ስታይ ቶሎ አትተኩስ ይሉታል። ሌላ እስኪመጣ ጠብቅ፤ አወዳድር፤ በጆሮዎቹ መካከል ያለው አናት ጠፍጣፋ ነው ወይስ ክብ? ጠፍጣፋ ከሆነ ጎረምሳ ወንድ ነው ይሉታል። ይኸን ስናነብላቸው አዛውንቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ባሕር ማዶም ያለ ሰው እንደኛ ያያል እንዴ» አሉ።

እስቲ እናስላ

የሒሳብ ትምህርት ስለጀመርን ጥቂት እናስላ። ድኩላ ስድስት ወር ያህል ታረግዛለች። የምትወልደው አንድ ነው። ከወለደች በኋላ እያጠባች ደግማ ልታረግዝ ትችላለች።

አንዲት ድኩላ ብትገደል ስንት ሞተ? አንድ እንላለን። በሆዷ ካለስ? ሁለት። በጥሻ የደበቀችው ካለስ? ሦስት። አንድ ጥይት፣ ሦስት ነፍስ። 1 + 1 + 1 = 3። ይኸን ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ አዛውንቱ አንገታቸውን ደፉ። እሳቸውን ለመውቀስ አልነበረም። ግን ቁጥሩ ተጽፎ ሲታይ ይከብዳል።

ታዲያ ጎረምሳውን ወንድ መግደል ምንም አይደለም ማለት ነው? አንድ ወጣት እንዲህ ብሎ ጠየቀን። «አንድ ወንድ ለብዙ ሴት ይበቃል» አለ። እውነቱን ነው፤ አንድ ወንድ ብዙ ሴት ያስረግዛል። ስለዚህ የወንድ መሞት የሴት መሞትን ያህል ዘር አያጎድልም። መልሱን የሰጡት ግን አዛውንቱ ናቸው።

«ወይፈኑን ሁሉ አርደህ በሬ ከየት ታመጣለህ?» አሉት።

ወንድ ድኩላ በአንድ ዓመቱ ለማስረገዝ ሊደርስ ይችላል። ከትልልቆቹ ጋር ታግሎ ቦታ የሚያገኘው ግን ከዚያ ዘግይቶ ነው። እዚያ ሳይደርስ ጎረምሳው ሁሉ ካለቀ፣ ሽማግሌው ወንድ በነብር ሲበላ የሚተካው አይኖርም።

ሕጉስ ምን ይላል?

ይኸን ሁሉ ጽፈን ሕጉን ካልነገርናችሁ ጥፋት ይሆንብናል። ያለ ፈቃድ የዱር እንስሳ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ድኩላም ሆነ ሚዳቋ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ማሳችሁ ውስጥም ቢገኝ፣ ፈቃድ ያስፈልጋል። በ1999 ዓ.ም. የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ወጥቷል። ቁጥሩ 541 ነው። ከዚያ በፊትም ሕግ ነበረ። አዛውንቱ ያኔ ፈቃድ አልጠየቁም። «ማንበብ ብችል ኖሮ ማስታወቂያውን አየው ነበር ልላችሁ ነበር» አሉን ፈገግ ብለው፤ «ግን ውሸት ነው። ባነብም እተኩስ ነበር። ባቄላዬ ነዋ።»

ይኸን እንደተናገሩት ጻፍነው፤ እውነት ነውና። የባቄላው ነገር ቀልድ አይደለም። አንድ ሰው የዓመት ልፋቱን በሌሊት ሲበሉት ምን ያድርግ? ክፍሉ ይኸን ጠየቀን። ለቀበሌና ለወረዳው ግብርና ማመልከት እንደሚቻል ነገርናቸው። ማማ ሠርቶ መጠበቅ፣ ውሻ ማሰር፣ ከማሳው ዳር ያለውን ጥሻ መመንጠር እንደሚረዳም ተባለ። አንዲት ሴት ግን «ልጄ ሌሊት ማማ ላይ አድሮ ጠዋት ትምህርት ቤት እንዴት ይሄዳል?» አለችን። ለእርሷ በቂ መልስ አልነበረንም። አሁንም የለንም። ማመልከቻ እንዴት እንደሚጻፍ ግን በሚቀጥለው ሳምንት አብረን እንሠራለን፤ ያን ማድረግ እንችላለን።

ከዚህ ሌላ፣ ጠመንጃ ያልያዘ ሰውም ይኸን መለየት ለምን እንደሚያስፈልገው አንድ ልጅ ጠይቆን ነበር። ድኩላ ስንት ወንድ፣ ስንት ሴት፣ ስንት ግልገል በጥሻችሁ እንዳለ የሚያውቀው ከእናንተ ሌላ ማን ነው? አጥኚዎች በደቡብ ወሎ በደንቆሮ ጫካ የምኒልክ ድኩላን ሲቆጥሩ ወንዱን፣ ሴቷንና ወጣቱን ለየብቻ ነበር የጻፉት። እናንተም ደብተር አላችሁ። እርሳስ አላችሁ። እታለም ከምንጩ ስትመለስ ያየችውን መጻፍ ጀምራለች። በመጀመሪያው ቀን «1 ሴት» ብላ ጻፈች። በሁለተኛው ቀን ጽፋ ሰረዘችው። ለምን ሰረዝሽው ስንላት «ሳትሸና ሄደችብኝ» አለችን።

ወደ ሰሌዳው እንመለስ። በማግሥቱ ሥዕላችንን አስተካከልን። ቀንዳሙን ተውነው። ቀንድ የሌላትንም ተውናት። በመካከላቸው ሦስተኛ ድኩላ ሣልን። ዳማ ነው። አንገቱ ቀጭን ነው። በጆሮዎቹ መካከል ሁለት ትንንሽ ጉጥ አደረግንለት፤ ከኋላ ወንበር እንዳይታዩ አድርገን።

«ከሥሩ ምን ብለን እንጻፍ?» ብለን ጠየቅን።

አንዱ «ወንድ» አለ። ሌላው «ጎረምሳ» አለ። አዛውንቱ ተነሥተው መጡ። ጠመኔውን ከእጃችን ወሰዱ። በቀስታ፣ ክንዳቸው እየተንቀጠቀጠ፣ «ቆይ» ብለው ጻፉ።

ሁለት ፊደል ናት። «ይ»ዋ ትንሽ ጠማለች፤ ግን ከኋላ ወንበርም ትነበባለች።